የልብስ ሰፊው ጉልበት

ባለፈው ሳምንት ከመጣልን የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አንድ የቅባት ቱቦ ፈንድቶ ነበር። ካርቶኑን በቢላ ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ሜንቶልና ካምፎር፣ አፍንጫ ውስጥ ቀዝቅዞ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚያቃጥል። የምሠራባት ፋርማሲ ጠባብ ናት። በሩ ቢከፈትም የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ ያስገባል እንጂ ሽታ አያስወጣም። ቀኑን ሙሉ የገባው ደንበኛ ሁሉ "ምንድን ነው የሚሸተው?" ሲለኝ "ቅባት ነው" እያልኩ ዋልኩ። እኔን ግን ይሸተኝ የነበረው አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።

ያን ጊዜ ጉልበቴን ታምሜ ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ወቅቱ የኮሮና ጭምብል ከሰው ፊት ወርዶ ኪስ ውስጥ መቀመጥ የጀመረበት ነው። እኔና ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት እንሮጥ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ፣ ቧንቧና ሚስማር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የእሷ አባት ደግሞ ከእኛ ሱቅ ጥቂት በሮች አልፎ ልብስ ይሰፋል። ሶማሌ ናቸው። የእሷ አማርኛ ከእኔ አማርኛ አይለይም፤ የእኔ ሶማሊኛ ግን ከገበያ አያልፍም። ደስ ሲላት "አባዮ" ትለኛለች፤ እህቴ እንደማለት ነው።

የምንሮጠው ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ነበር። ፀሐይዋ ከሜዳው ዳር ብቅ ስትል ከኋላችን የካራማራ ተራራ ይቀላል። የግመል ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚገቡ ሴቶች በመንገዱ ዳር ይመጣሉ፤ ስንተላለፍ የታጠነው የወተት ዕቃ ሽታ አብሮን ትንሽ ይሮጥና ይቀራል። ጓደኛዬ ከሱሪዋ በላይ ረጅም ቀሚስ ትለብስ ነበር። ነፋሱ ሲያገኘው ቀሚሱ እንደ ሸራ እየተርገበገበ ይጮኻል። እኔ ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምሮጠው፤ ድምፁ ከራቀኝ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይርቀኝ ነበር። ከሁለታችን ሯጯ እሷ መሆኗን ማንም ያውቃል።

አንድ ቀን የስፖርት መምህራችን ክፍል ድረስ መጥቶ ጠራን። ሽንሌ ላይ የመምረጫ ውድድር አለ አለን። የተመረጡት ወደ መሐል አገር ሄደው፣ እየተማሩ፣ በማሠልጠኛ ይኖራሉ። ጓደኛዬ በዚያው ምሽት ለአባቷ ነገረችው። ጨርቅ እየቆረጠ ነበር አሉ። መቀሱን ሳያቆም ሰምቶ ሰምቶ፣ በመጨረሻ፣

"እሷ ካለች ትሄጃለሽ። ብቻሽን ግን አይሆንም" አላት።

እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ።

መምህራችን ልምምዱን አጠበቀው። ከሜዳው አንሥቶ ወደ ካራማራ ተዳፋት ወሰደን፤ ሽቅብ ሮጠን ቁልቁል እንመለሳለን። ሕመሙ የመጣው ሽቅብ ላይ አይደለም። ስወርድ፣ ቀኝ ጉልበቴ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ከሎሚዋ ሥር ነው። የጉልበት ሎሚ የምንላትን ክብ አጥንት ታውቋት የለ? ከእሷ ሥር አንድ ሰው አውራ ጣቱን ከውስጥ ሆኖ የሚጫን ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ደረጃ ላይ መጣ። ትምህርት ቤት ከፎቅ ስወርድ ብረቱን ይዤ እንደ አሮጊት ሆንኩ። ከዚያ ደግሞ ክፍል ውስጥ፣ ምንም ሳልሠራ፣ እግሬን አጥፌ በተቀመጥኩበት ያመኝ ጀመር።

ይህ ነገር ከማመሙ ይልቅ ይገርመኝ ነበር። ሜዳ ላይ ስሮጥ ዝም ይላል፤ ስቀመጥ ይጮኻል። ሽቅብ ይታገሣል፤ ቁልቁል አይችልም። ድካም ቢሆን ኖሮ ዳገቱ አይብስም? መዳፌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እግሬን ሳጥፍና ስዘረጋ ከሥሩ አሸዋ የሚረገጥ የመሰለ ነገር ይሰማኛል። ታሪክ መምህሩ ሲያስተምር እኔ ከጠረጴዛው ሥር አሸዋዬን አዳምጣለሁ።

ለጓደኛዬ አልነገርኳትም፤ መናገርም አላስፈለገኝም። አንድ ጠዋት እየሮጥን ሳለ ቆመች።

"የእግርሽ ድምፅ ተቀይሯል" አለችኝ። "አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይነካል።"

እናቴ ብርድ ነው አለች። "ላብሽ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ትቀመጫለሽ" ብላ ፌጦ በሎሚ አሽታ ለበጠችኝ፤ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ። አባቴ ያንን የሜንቶል ቅባት ገዝቶ መጣ። ሰፈራችን ወዳለው ወጌሻም ሄድኩ። ዘይት ቀብቶ አሸኝና "ጅማቱ ተዛንፏል" አለ። "የቱ ጅማት ነው?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። "ልጄ፣ ይታሻል እንጂ አይጠየቅም" አለኝ። መምህራችን ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ አለ። አረፍኩ። ሲሻለኝ ካራማራ ተመለስኩ፤ ሕመሙ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ ቁልቁለት ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሣኝ። ዕረፍት ካሻለው ለምን ተመለሰ? ብርድ ከሆነ ለምን ቀኙን ብቻ? መንገድ ላይ የሰው ጉልበት ማየት ጀመርኩ። ከባጃጅ የሚወርዱ ሰዎች መጀመሪያ የትኛውን እግር እንደሚያወርዱ፣ ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች ጉልበታቸው ወዴት እንደሚያይ፣ ቁጢጥ ብለው ጫት የሚደረድሩ ነጋዴዎች እንዴት እንደሚነሱ አያለሁ። ጓደኛዬ "ሰው ፊት እያለው አንቺ ጉልበቱን ሰላም ትያለሽ" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሆስፒታል ይዛኝ የሄደችው እሷ ናት። በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል አለች፤ ውስጧ አልጋ፣ ትልቅ ኳስ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ገመዶችና ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከሐረር መጥታ እዚህ የምትሠራ ወጣት ሴት ነበረች። እኛ እንደ ሰው ሁሉ ሲስተር እንላታለን። ጉልበቴን ትጫናለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጫነችኝ በጥያቄ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ነገርኳት።

"ያኔ ምን ቀየርሽ?"

አሰብኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ካራማራን ነገርኳት፤ ቁልቁለቱን፣ ባንዴ የበዛውን ልምምድ። ራሷን ነቀነቀችና መስታወቱ ፊት በአንድ እግሬ አቆመችኝ። "ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ ቀስ ብለሽ ውረጂ" አለችኝ። በግራ እግሬ ወረድኩ፤ ደህና ነው። በቀኜ ስወርድ ግን ጉልበቴ እኔ ሳላዘው ወደ ውስጥ፣ ወደ ግራው ጉልበቴ ዘመም አለ። ደግሜ ወረድኩ። አሁንም ዘመመ። የራሴ እግር ከእኔ ተደብቆ የሚሠራው ሥራ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሲስተር እጇን ዳሌዬ ላይ፣ ከጎን በኩል አደረገች። "የደከመው እዚህ ነው" አለችኝ። ሎሚዋ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የምትመላለስ መሆኗን አስረዳችኝ። የዳሌ ጡንቻ ሲደክም ጭን ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቦዩም አብሮ ይዞራል፤ ሎሚዋ መንገዷ ከሥሯ ሲሸሽባት ጠርዙን ትታከካለች። እግር ታጥፎ ክብደት ሲያርፍበት ደግሞ ሎሚዋ ቦዩ ላይ አጥብቃ ትጫናለች። ቁልቁለትና ደረጃ የሚብሱት ለዚህ ነው፤ ረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥም ያንኑ ያደርጋል።

አባቴ ሱቅ ውስጥ ያለው መሳቢያ ትዝ አለኝ። በመሐሉ ሲሳብ እሺ ይላል፤ በአንድ ጥጉ ከሳባችሁት ግን ይነክሳል፤ ከዚያ ቢጎትቱት አይወጣም። ይህን ስነግራት ሳቀች። "ይህን ምሳሌ ለሌላም ሰው እነግራለሁ" አለች። እናቴ ራጅ ተነሺ ብላኝ እንደነበር ስነግራት፣ ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይ ተኝተሽ እንኳ የሚያምሽ ከሆነ ነይና እናነሣለን፤ አሁን ግን ፎቶው የሚነግረን ነገር የለም አለችኝ። ስለ አሸዋው ድምፅም ጠየቅኳት። "እሱ አያስፈራሽ። የማያማቸው ሰዎች ጉልበትም ይንኮሻኮሻል።"

ሩጫ አቁሚ አላለችኝም። ይህም አስገረመኝ። ቁልቁለቱን ተዪ፣ ሜዳ ላይ አጠር አድርገሽ ሩጪ፣ እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ትንሽ ቢያምሽ ችግር የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ካደረ ግን አብዝተሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ አለችኝ። ከዚያ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት፣ ከዝቅተኛ ደረጃ ላይ ጉልበትን እያዩ ቀስ ብሎ መውረድ አሳየችኝ።

"ሽንሌ እስክንሄድ ይድናል?" ያለችው ጓደኛዬ ናት።

ሲስተር ወደ እሷ ዞረች። "ይሻላታል። መዳኑ ግን ወራት ይፈልጋል።"

ከማግስቱ ጀምሮ ጓደኛዬ እኛ ቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እግሬን ሳነሣ ዳሌዬ እንዳይዞር በመዳፏ ትይዝ ነበር። ስንሮጥ እርምጃዬን እንዳሳጥር ታጨበጭብልኛለች። ወተት የያዙት ሴቶች በጭብጨባ የሚሮጡ ሁለት ልጆች አይተው በሶማሊኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። "ሠርግ ነው ወይ ይላሉ" አለችኝ።

ሽንሌ የሄድነው በሚኒባስ ነው፤ በሐረር አድርገን፣ ድሬዳዋ ወርደን፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን። ጉልበቴን ያስቸገረኝ ሩጫው ሳይሆን መቀመጡ ነበር። ባቢሌን ሳናልፍ እግሬን የማደርግበት አጣሁ። ጓደኛዬ ሳትጠይቀኝ ጫማዬን አወለቀችና እግሬን አንሥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እስከ ሐረር ድረስ እንደዚያ ሆነን ነው የሄድነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰውዬ እየተገላመጡ ሲያዩን እሷ ሳንቡሳ ትበላ ነበር።

ከጅግጅጋ ነፋስ የመጣ ሰው ሽንሌ ሲደርስ ምድጃ አፍ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ግራር፣ ፍየል፣ በአቧራው መሐል የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ። ውድድሩ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ነው የተጀመረው። መጀመሪያው ሜዳ ነበር፤ ጓደኛዬ አጠገቤ ናት፣ የቀሚሷን ድምፅ እሰማለሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ደረቅ ወንዝ ይወርዳል። ከላይ ሆኜ ቁልቁለቱን ሳየው ጉልበቴ ቀድሞኝ አወቀ። እንደ ሌሎቹ እየዘለልኩ ብወርድ ልከተላት እችል ይሆናል። ያ አውራ ጣት ከውስጥ መጫን ሲጀምር ግን የመጀመሪያውን እርምጃ አሳጠርኩ፣ ሁለተኛውንም። ልጆቹ በግራና በቀኝ አልፈውኝ አሸዋው ውስጥ ገቡ። ድምፁ ራቀ። እኔ በትንንሽ እርምጃ፣ ጉልበቴ ወዴት እንደሚያይ እያየሁ ወረድኩ።

ከኋላ ከቀሩት ጋር ጨረስኩ። ጓደኛዬ ከተመረጡት አንዷ ነበረች። ጥላ ሥር ቆማ ውኃ እየጠጣች ሳገኛት ስለራሷ አልተናገረችም። "ጉልበትሽስ?" ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ ያደረግኩት ያደርንበትን ቤት ደረጃ መውረድ ነው። አልባሰም። እንዲያውም ደህና ነበር። ባለመመረጤ ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ የሲስተር ቃል በራሴ እግር ላይ ሲሠራ አየሁ። ይህን ልነግራት ስወጣ ጓደኛዬ ከአጥሩ ውጭ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዙራ ተቀምጣለች።

"አባቴ ያለውን ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ከተመለስን በኋላ አባቷ ቃሉን አልለወጠም። አልተቆጣም፣ ድምፁንም አላነሳም። "ያልነው ሌላ ነበር" ብቻ አለ። መምህራችን ሄዶ ለመነው፤ ሻሂ ጋብዞ ሸኘው። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ የምለምንበትን ቃል አዘጋጅቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

የሱቁ ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ የአዲስ ጨርቅና የመኪና ዘይት። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበረው። ልክ ስገባ ከመቀመጫው ሊነሣ ጠረጴዛውን ያዘ፣ ግማሽ ላይ ቆም አለ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ ተነሣ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

"አዴር" አልኩት፤ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የምጠራው። "ሲነሱ ነው የሚያምዎት?"

"ስነሣ" አለኝ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር፣ አጭርና ቀጥ ያለ። "ደረጃ ስወርድ። መስጊድ ከስግደት ስነሣ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል።"

"ያኔ ምን ቀየሩ?"

የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጠመኔው በእጁ፣ አየኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ያለ መሰለኝ። ቆይቶ ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳለው የጨርቅ ቁራጭ ጆንያ ሄደ። "ጭምብል" አለ። ኮሮና የመጣ ጊዜ ከተማው ሁሉ ጭምብል ፈልጎ፣ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ያችን መርገጫ ሲረግጥ ከርሟል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ረግጦ አያውቅም። የተቀመጠባት ሣጥን ደግሞ ዝቅተኛ ናት፤ ጉልበቱ ታጥፎ ደረቱ ሊደርስ ነው።

የእሱ ካራማራ ጭምብል ነበር።

እየሮጥኩ ሲስተር ጋ ሄድኩ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጉልበት ከእኔ ሊለይ እንደሚችል ነግራኝ "ይምጣና ልየው" አለች። በመጀመሪያ አልሄድም አለ፤ ኋላ ሚስቱ ይዛው ሄደች። ሲመለስ፣ "ከፍ ብለህ ተቀመጥ አለችኝ። ከወንበር ቀስ ብለህ ተነሣ፣ ቀስ ብለህ ተቀመጥ አለችኝ። ለዚህ ነው ሰው የሚማረው?" አለ። ሣጥኗ ላይ ወፍራም ፍራሽ ሰፍቶ አደረገባት ግን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ እገባለሁ። እሱ ከወንበር እየተነሣ ይቀመጣል፤ እኔ ጉልበቱ እንዳይዘምም አያለሁ። ልመና አላነሳሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ጉልበቱ ይበልጥ ስቦኝ ይሆናል። አንድ ቀን እያረፈ ሳለ ጠየቀኝ።

"እናንተ ኃይልንም ጉልበት ትላላችሁ አይደል? ጉልበት ያለው ሰው ትላላችሁ።"

"አዎ።"

"እኛ ይሄን ጅልብ እንለዋለን" አለ ጉልበቱን መታ አድርጎ። "ጅልብ ዘመድም ነው። ሰው ሲቸገር አብሮት የሚቆም፣ የአንድ አባት ልጆች፣ እነሱም ጅልብ ናቸው።"

ያን ማታ ይህን ሳስብ አመሸሁ። አንዱ አጥንት ለእኛ ኃይል ሆነ፣ ለእነሱ ዘመድ። የትኛው እውነት ነው ብዬ ሲስተርን ብጠይቃት ምን ትለኝ ይሆን ነበር?

ሌላ ቀን፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባ፣ ቀና ሳይል፣

"ያ ማሠልጠኛ ያሉት ቦታ" አለኝ፣ "እንደ ሲስተር ያለ ሰው አለው?"

አላውቅም አልኩት። በማግስቱ ሲስተርን ጠየቅኳት፤ እዚያ የምትሠራ አብራት የተማረች ሴት አለች፣ ደውላ አረጋገጠችልኝ። መጥቼ ነገርኩት።

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

ክሩን ጎትቶ በጥርሱ በጠሰው። "እኔ አንቺን ያልኩት ለሩጫው ብዬ አይደለም" አለኝ። "ልጄ ብትወድቅ ማን ያያታል ብዬ ነው። አንቺ የሰው እግር ታያለሽ።" ከዚያ መኪናውን ረገጠና ሥራውን ቀጠለ። ቆይቶ፣ ለመኪናው የሚነግር ይመስል፣ "ሀዬ" አለ። እሺ ማለት ነው።

የሰፋላት የሩጫ ልብስ ከቀላል ጨርቅ ነበር፤ ሰፊ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ፣ ነፋስ የማይገልጠው ሻሽ። ቀሚሱ ሲሮጡ አይርገበገብም። መናኸሪያ የሸኘናት ጎሕ ሲቀድ ነው። አባቷ ሻንጣዋን ራሱ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ አስቀመጠ፤ ደረጃውን ሲወርድ እኔ በልማድ ጉልበቱን አየሁ። ቀጥ ብሎ ነበር የወረደው። እሷ በመስኮት አይታኝ ወደ እግሩ ጠቆመችና ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

የእኔ ጉልበት መቼ እንደዳነ መናገር አልችልም። ሕመም ሲመጣ ቀኑን ያሳውቃል፣ ሲሄድ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ፎቅ እየሮጥኩ ወርጄ ግቢው መሐል ስደርስ ብረቱን እንዳልያዝኩ ገባኝ። መለስ ብዬ ደረጃውን አየሁት። የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ስልክ ደወልኩ፤ ልምምድ ላይ ነበረች፣ አላነሳችም።

መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ትደውልልኝ ነበር። የመሐል አገሩን ብርድ፣ ምግቡን፣ አብራት የምትተኛዋን ልጅ ትነግረኛለች። ከዚያ እየራቀ ሄደ። ውጭ አገር ውድድር ነበራት፤ ከዚያ ሌላ። ተጣልተን አይደለም። እኔ ፋርማሲ ተማርኩ፣ እሷ ሮጠች። አሁን የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። ሲሳካላት ፎቶዋን አያለሁ፤ እኔ ሁሌ መጀመሪያ የማየው ጉልበቷን ነው።

ወደ አባቷ ሱቅ መሄዴን ግን አልተውኩም። ሳልፍ ይጠራኛል። "ነይ እስቲ፣ ዛሬ አሞኛል" ይለኛል። እገባለሁ፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ እግሩን ይዘረጋል። እኔ አያለሁ፣ እነካለሁ፣ ምንም አላገኝም። ሲስተርን ጠየቅኳት፤ አልገባትም፤ አምጪው አለች፤ እሱ ደግሞ ነገ ነገ ይላል። ብዙ አሰብኩበት። ሕመሙ ቦታ ይቀያየራል፤ አንድ ቀን ቀኙን፣ ሌላ ቀን ግራውን። እንዲህ ያለ ጉልበት የትም አላነበብኩም። በወሬው መሐል ሁልጊዜ ስለ እሷ ያነሳል። ካራማራ ላይ ስትሮጥ ትወድቅ ነበር? ሽንሌ ላይ ምን በላችሁ? ሲጨበጨብ ትስቅ ነበር? እኔም እነግረዋለሁ። የማያውቃት ልጁ እኔ ጋ ነበረች፤ የማለዳዋ፣ የመንገዷ።

አንድ የኢድ ቀን ቤታቸው ተጠርቼ ሄድኩ። ሚስቱ ምግቡን አቀራርባ ከጎኔ ተቀመጠች። ስለ ጉልበቱ እንደምጨነቅ፣ ምናልባት ድሬዳዋ ወስደው ቢያሳዩት እንደሚሻል ነገርኳት። ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እሱ ከዳነ ቆየ" አለችኝ። "ባለፈው ደምበል ወረዳ፣ ገጠር፣ ወንድሙ ጋ ሄዶ ኮረብታ ወጥቶ ነው የመጣው። ላንቺ እንዳልነግር አደራ ብሎኛል።"

አጠገባችን ያለው ክፍል ውስጥ እንግዶቹን ሲያስቅ ይሰማኛል። እሷም ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና "ብዪ" አለችኝ።

ከኢዱ በኋላ ባለው ቀን ከሥራ ስወጣ በሱቁ በር አለፍኩ። መኪናው ዝም ብሏል፤ እሱ ወደ መንገዱ እያየ ተቀምጧል።

"አዴር" አልኩት፣ "ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?"

"ያው ነው" አለኝ። "ትንሽ ያመኛል።"

ቦርሳዬን አውርጄ ወንበሩን ሳብኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ዛሬ ደውላ ነበር" አለ።